ለሁለተኛው ክፍል የመጡ ሽማግሌዎች

«ልጅቱን ከመጠየቃችን በፊት» አሉ አያ ሰውአገኝ፣ «የመጽሐፉን ነገር እንጨርስ።»

እስከዳር ይህን የሰማችው ጓዳ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ስልክ በሌላው ቢላዋ ይዛ ነው። በጓዳውና በሳሎኑ መካከል በር የለም። አባቷ አቶ ቢያዝን በር አስገጥማለሁ ካሉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እስከዚያው ተብሎ የተሰቀለው ባለ ጣዎስ መጋረጃ በእጥበት ብዛት ጣዎሶቹ ዶሮ መስለዋል። ከመጋረጃው ወዲያ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ተቀመጡ ቢባሉ «የመጣንበት ሳይመለስ አንቀመጥም» ብለዋል፤ ደንቡም እንደዚያ ነው። የመጡት እሷን ለጌትነት ሊጠይቁ ነው። የምትጠየቀዋ ልጅ ደግሞ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ እንዲያውም ያልሰማች መምሰል አለባት። ጠዋት ተከትፎ ያለቀውን ሽንኩርት እንደገና የምትከትፈው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ያላወቀችው መጽሐፏም አብሯት እንደሚጠየቅ ነው። ስለ መጽሐፎቿ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ውይይት ተደርጎ ያውቃል፤ አሥራ አንድ ሰው መጣ፣ አራቱ ቆሎው ሲያልቅ ወጡ። ያን ቀን ግን ቢያንስ ወንበር ተሰጥቷት ነበር።

በመጋረጃው ጠርዝ ስታጮልቅ አያ ሰውአገኝ መጽሐፉን ከጥቁር ፌስታል ሲያወጡ አየች። «ቀመሮቹ፦ ክፍል ሁለት»፤ ጥር ላይ የወጣ፣ አራት መቶ ብር። ገጾቹ መሐል የስንዴ አገዳ ለምልክት ተሰክቷል። አያ ሰውአገኝ የጌትነት አያት ወንድም ናቸው፤ አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። የመጡት ከእንፍራንዝ ነው። በዚያ ወገን ልጁን የሚድር ሰው መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ሄዶ ዘር ያስቆጥራል፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ የተጋባ ሰው በአካባቢው ካለም እሳቸው አልሰሙም። ከጎናቸው መምሬ ምንይችል መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አጋድመው ቆመዋል። ሦስተኛው አቶ አዘዘ ናቸው፤ በኮላ ድባ ገበሬ ላሞች ላይ ሃያ ሰባት ዓመት የኮርማ ዘር ሲያዳቅሉ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ። ሶፋው ጫፍ ላይ ደግሞ አባቷ፣ ተቀምጠው ይሁን ሊነሱ ፈልገው በማይታወቅ አኳኋን፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት ማኪና የነዳ ሰው መሪ ሳይኖር እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም።

«አያ ቢያዝን፣ መጽሐፉን አንብበውታል?» ሲሉ ጠየቁ አያ ሰውአገኝ።

«አይ… ዓይኔ እንኳ…»

«እንግዲያው ልንገርዎት። እኔ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነው የመጣሁት። ተራራ ላይ አንድ የመስተዋት ቤት አለ። እዚያ ውስጥ አሥራ ሁለት ልጆች ያለ እናት ያለ አባት በብልቃጥ ይሠራሉ። ይሁን፣ የመጽሐፍ ነገር ነው። ከነዚያ አንዷ ሶልያና ትባላለች። ሸጋ ልጅ ናት፤ ልቧ ግን ደካማ ነው። ሐኪሙ ልቧን ሊጠግን ብሎ ከአንዲት አሮጊት ደም ዘር ቀንሶ በመርፌ ሰጣት። አሮጊቷ ማን ናት? የናሆም አያት! ናሆም ማን ነው? ከተራራው ሥር ያለው፣ ሶልያና የምትወደው ልጅ! እንግዲህ ቁጠሩ።» ጣታቸውን አወጡ። «የአሮጊቷ ዘር የገባባት የአሮጊቷ ልጅ ናት። ለናሆም ምኑ ሆነች? አክስቱ! ሰባት በሚቆጠርበት አገር ሁለት አልሞላም! ምዕራፍ ሃያ ላይ ግን ምን ተደረገ? ተጋቡ። በከበሮ!»

የእስከዳር ቢላዋ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። ምዕራፍ ሃያ ላይ ማንም አላገባም። ምዕራፍ ሃያ ላይ ሶልያናና ናሆም ደባርቅ መናኸሪያ ይለያያሉ፤ እሷ አውቶቡስ ትሳፈራለች፣ እሱ ይቀራል፣ መጽሐፉ ያልቃል። በዚህ መለያየት ምክንያት ከጥር ጀምሮ ሰላም አግኝታ አታውቅም። ባዮሎጂ የምታስተምራቸው የአሥረኛ ክፍል ልጆች አርባ ሦስት ሆነው ፈርመው «ሁለቱ ይጋቡልን» የሚል ማመልከቻ አስገብተውላታል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው። በቴሌግራም አንዷ «አራት መቶ ብር ከፍዬ የማለቅሰው ለምንድን ነው? በነፃ የማለቅስበት ቤት አለኝ» ብላታለች። ሌላው ምንም ቃል ሳይጽፍ በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ አንድ የተሰበረ ልብ ይልክላታል፤ ሃምሳ ሰባት ደርሷል። ፒያሳ መጽሐፍ የሚሸጠው ልጅ እንደነገራት አንዲት ደንበኛው ክፍል ሁለትን መልሳ በኬክ አሠራር መጽሐፍ ቀይርልኝ ብላለች፤ ቀይሮላታል። ይህ ሁሉ ሲሆን የመጽሐፏ ጥፋት አለማጋባቷ ነበር። አሁን ደግሞ ማጋባቷ ሆኗል።

ጌትነት በደንቡ መሠረት ቤቱ አካባቢ መታየት ስለሌለበት አስፋልቱ ዳር ያለው ጁስ ቤት ተቀምጧል። ቀያሽ ነው፤ ከመጋረጃው እስከ ጁስ ቤቱ ሦስት መቶ አርባ ሜትር መሆኑን ጠዋት ጽፎላታል።

«የት ደረሱ?» አለ በጽሑፍ።

«ምዕራፍ ሃያ» አለች።

«የምን ምዕራፍ?»

«ተጋብተዋል እያሉ ነው።»

«እኛ?»

«ሶልያናና ናሆም።»

ከዚያ «መቼ?» ብሎ ጠየቀ።

ሳሎን ውስጥ አያ ሰውአገኝ ሰርጉን እየተረኩ ነበር። ስህተት ነው ያሉትን ሰርግ እንደሚያወግዝ ሰው ሳይሆን እንደ ታደመበት ሰው ነው የሚያወሩት። ድንኳኑ ገደሉ አፋፍ ላይ ተጥሏል። ሚዜዎቹ የመጡት ከመስተዋቱ ቤት በገመድ እየወረዱ ነው። አሥራ አንዱ የተሠሩ ልጆች ዘመድ ስለሌላቸው፣ ሙሽራዋ ወገን አጣች እንዳትባል ተራ በተራ እየወጡ እናቷ፣ አባቷ፣ አጎቷ ነኝ እያሉ መርቀዋታል። እስከዳር ሽንኩርቱን ረስታ ታዳምጥ ነበር። የተሠሩት ልጆች እርስ በርስ ዘመድ እየሆኑ የመረቁበት ቦታ ላይ የተሰማት ቅናት መሆኑን ለመለየት ጊዜ ወሰደባት። ማን ነው ይህን የጻፈው?

«እኔን ከሰርጉ በፊት ያስጨነቀኝ ክርስትናው ነው» አሉ መምሬ ምንይችል። «ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። የዚህችኛዋ ሰማንያ ከየት ይጀምራል? ብልቃጡ ውስጥ ከገባችበት? ከወጣችበት? ደራሲዋ ዘላዋለች።»

«ከወጣችበት ነው» አሉ አቶ አዘዘ። «ጥጃም የሚቆጠረው ከወጣ ነው።»

«ጥጃ አይጠመቅም አዘዘ።»

«እኔ ስለ ቆጠራው ነው ያልኩ። ለነገሩ እኔም ቅሬታ አለኝ፤ ሙያዬ ስለሆነ ዝም አልልም። ምዕራፍ አራት ላይ ሐኪሙ ዘሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። ናይትሮጅኑ የት አለ? ዘር እኮ ከበረዶ ከሚቀዘቅዘው የናይትሮጅን ጋን ከወጣ ምሳ ቀርቶ አንድ ጉርሻ አይጠብቅም! ሃያ ሰባት ዓመት ያን ጋን ተሸክሜ ደምቢያን የዞርኩ ሰው ነኝ። ይህን ማንበቤ ምሳዬን አላስበላኝም።»

እስከዳር ፊቷ ጋለ። ትክክል ነበሩ። የመጽሐፉን እርማት ያዩላት ሁለት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም ምሳውን አልፈውታል።

«በዝምድናው ግን አያ ሰውአገኝ እውነታቸውን ነው» ብለው ቀጠሉ አቶ አዘዘ። «አንድ ኮርማ በአንድ ወረዳ አራት መቶ ጥጃ ይኖረዋል። መዝገብ ባልይዝ ኖሮ እህትና ወንድም ሳዳቅል እኖር ነበር። ላም እንኳ በመዝገብ ነው!»

እናቷ ወይዘሮ እናኑ ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለው ዶሮውን ከደኑ፣ ከፈቱ፣ መልሰው ከደኑ። ዶሮው ሦስት ሺህ ብር የተገዛ ነው፤ ሽማግሌ ካልተቀመጠ አይቀርብም፤ መብራት ደግሞ ከሰባት ሰዓት በኋላ እንደሚጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። «ይህ መጽሐፍሽ» አሉ በሹክሹክታ፣ «እንቁላሎቹን ድንጋይ አደረጋቸው።» የእናቷ አስተያየት በሁለቱ ክፍሎች ላይ ይህ ብቻ ነበር።

ከዚያ አያ ሰውአገኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ቤቱም አብሮ ዝቅ አለ።

«አያ ቢያዝን፣ እኔ አልደብቅዎትም። ጌትነት ልጅዎን ወዷል። ሸጋ ልጅ ናት፣ አስተማሪ ናት ብለውኛል፤ አልጠላሁም። ነገር ግን አክስትና የእህት ልጅን አጋብታ፣ አሳትማ፣ በአራት መቶ ብር የምትሸጥ ልጅ የራሷን ዘር ቆጥሬያለሁ ብትል በምን አምናለሁ? የዚህ ቤት ሰው መቁጠር ምን እንደሆነ ያውቃል እንዴ? ይህ ካልተስተካከለ ጥያቄውን ሳናነሳ እንመለሳለን። ከእኛ ሌላ ለጌትነት የሚመጣ ሽማግሌም የለም።»

እናቷ ክዳኑን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። እስከዳር ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከጌትነት ጋር አራት ዓመት ሆኗታል፤ ከአራቱ ዓመት ሁለቱን የፈጀው እኒህን ሰውዬ ከእንፍራንዝ ተነሥተው እንዲመጡ ማግባባት ነው። ስልኳ ላይ የምትጽፈው ጠፍቶባት «ሰርግ የለም እኮ፣ አንተስ አንብበኸዋል፣ የለም እኮ!» ብላ ላከች። እሱም «ቆይ ሚስጥርን ልጠይቃት» አለ።

ሚስጥር የአያ ሰውአገኝ የልጅ ልጅ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ እሳቸው ጋ እንፍራንዝ ትኖራለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከማታውቀው ቁጥር መልእክት ይዘንብ ጀመር።

«እትዬ እስኩ ሚስጥር ነኝ። በእግዚአብሔር እንዳትነግሪብኝ።»

«አያዬ ዓይኑ ከከዳው ቆይቷል። ለሰው ግን አነባለሁ ነው የሚል። እኔ ነኝ የማነብለት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከእራት በፊት አነበብኩለት።»

«ምዕራፍ ሃያ ስደርስ መለያየታቸውን ማንበብ አቃተኝ። ሚስቱ እማማ የሞተችበት ገና ስድስት ወሩ ነው። እሱ ደግሞ ፊቴ ቁጭ ብሏል። በቃ አጋባኋቸው።»

«ድንኳን ጣልኩ። ከበሮም አስገባሁ። በጣም ደስ ብሎት እራቱን ሁሉ ጨረሰ።»

«ጠዋት ሲነሣ መቁጠር ጀመረ።»

እስከዳር አምስቱንም መልእክት ሁለት ሁለት ጊዜ አነበበች። መጀመሪያ የተናደደችው እንደ ደራሲ ነው። ሁለት ዓመት ጽፋ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ቀይራ የጨረሰችውን ምዕራፍ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከእራት በፊት ድንኳን ጥላበታለች። ያውም አሳምራ። ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከእሱ የባሰ ነገር መጣ። እውነቱ ይውጣ ቢባል መናገር የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «እንዲህ ያለ ሰርግ መጽሐፉ ውስጥ የለም።» ይህን የሰሙ መምሬ ምንይችል መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብለው ይገልጣሉ። አያ ሰውአገኝም ሁለት ባልደረቦቻቸውና አንድ የማያውቁት ቤተሰብ ፊት፣ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት ያሉትን መጽሐፍ የማያዩ ሰው ሆነው ይቆማሉ። እንዲህ የተዋረደ ሽማግሌ ወደዚያ ቤት አይመለስም፤ አንድ ዓመት ቢለመንም አይመለስም። እውነቱ ካልወጣ ደግሞ እሷ የእህት ልጅን ለአክስቱ የዳረች ሆና ትቀራለች። በየትኛውም በኩል ቢሆን ጌትነት የእጮኝነቱን የመጨረሻ የአቮካዶ ጁስ እየጠጣ ነበር።

በዚህ መሐል አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አያ ሰውአገኝ» አሉ አቶ ቢያዝን፣ ከሶፋው ብድግ ብለው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እንጂ፣ ምዕራፍ ሃያ ላይ እኮ…»

እስከዳር የሰማችውን አላመነችም። ሁለቱ መጽሐፎች ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ሪሞቱ የሚቀመጥባቸው ሆነው ነው የኖሩት። አባቷ ክፍል አንድ የወጣ ጊዜ «በርቺ» ብለዋል፤ ክፍል ሁለት ሲወጣ እሱንም አላሉም። ከጥር ጀምሮ እራት ሲበላ፣ ዜና ሲታይ፣ አንድ ቃል ቢወጣቸው ብላ ጠብቃለች፤ የቃሪያ ዋጋ ወጥቷል፣ ቃል ግን አልወጣም። እና አሁን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሊከላከሉላት ተነሥተዋል፤ ምዕራፉን በቁጥር ያውቁታል፤ ምን እንደሌለበትም ያውቃሉ። ከጥር ጀምሮ የጠበቀችው ዓረፍተ ነገር ከአባቷ አፍ ግማሹ ወጥቷል። ግማሹ ሳይወጣ ማቆም ነበረባት።

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

መምሬ ምንይችል እጇን አዩና መስቀላቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ፤ ያን ጊዜ ነው ቢላዋውን ይዛ መውጣቷን ያወቀችው። ወደ ኋላ ለእናቷ አቀበለች፤ የእናቷ እጅ በጣዎሶቹ መሐል ወጥቶ ተቀብሎ ገባ።

«አባባ፣ እኔ ልናገር» አለች። ጎንበስ ብላ ወደ አያ ሰውአገኝ ዞረች። «ሳልጠራ በመውጣቴ ይቅር በሉኝ። መጽሐፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አባቴን አያገባቸውም። ያሉት ልክ ነው። ሁለቱ መጋባት አይችሉም። ሰርጉን አወጣዋለሁ።»

«ታወጪዋለሽ?» አሉ አያ ሰውአገኝ። ሴት ልጅ ወጥታ መናገሯን ሊቆጡ የተዘጋጁበት ፊት ነበራቸው፤ ያን ፊት የሚያደርጉበት አጡ።

«ሙሉ በሙሉ።»

«ድንኳኑንስ?»

«ድንኳኑንም።»

«ከበሮውንም?»

«ከበሮውም አይቀር። አንድም የሰርግ ቃል አያገኙበትም። የታረመውን በዚህ ሳምንት እንፍራንዝ ድረስ እልክልዎታለሁ።»

አቶ አዘዘ መጽሐፍ በሳምንት ታርሞ እንደሚወጣ አላወቁም ነበርና ተደነቁ፤ ቴክኖሎጂው ደርሷል ማለት ነው አሉ። አባቷ አፋቸውን እንደከፈቱ እያዩዋት ነበር። እሷም አየቻቸው። በዚያ ቤት ውስጥ በዓይን ብዙ ነገር ይነገራል፤ ሌላ መንገድ ስላልተለመደ ሁሉም ጎበዝ ነው። አቶ ቢያዝን አፋቸውን ዘጉ።

አያ ሰውአገኝ አሸንፈዋል። ያሸነፈ ሰው ግን አልመሰሉም። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የስንዴ አገዳዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ትንሽ ቆዩ።

«ታዲያ» አሉ፣ «ምን ሊሆኑ ነው?»

«ይለያያሉ።»

«እንዴት አርገው?»

ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ነገረቻቸው። ደባርቅ መናኸሪያ፣ ጠዋት፣ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ናሆም ቦርሳዋን ተሸክሞላታል። አውቶቡሱ ዘግይቷል። ሊባባሉ የሚገባውን ሁሉ ሌሊት ተባብለው ጨርሰዋል፤ ስለዚህ ስለ ድንች ያወራሉ፤ ዘንድሮ ድንች ተወደደ ይላል፣ አዎ ተወደደ ትላለች። ረዳቱ ይጮሃል። ትገባና መስኮቱን ትከፍታለች። «በል ሂድ፣ ብርድ ነው» ትለዋለች። «ሄጃለሁ» ይላታል፤ አይሄድም። አውቶቡሱ ይነሣል። እሱ ቆሞ ይቀራል፤ ምን ያህል ሰዓት እንደቆመ ያወቀው ድንች የምትሸጠው ሴት «አንተ ልጅ፣ ካልገዛህ ጥላዬን አትያዝብኝ» ስትለው ነው።

ስትጨርስ አያ ሰውአገኝ በአንድ እጃቸው የወንበሩን ጀርባ ፈለጉ፣ አገኙት፣ ተቀመጡ። የመጡበት ጉዳይ ገና አልተጠየቀም፣ ገና አልተመለሰም፤ እሳቸው ግን ተቀምጠዋል። መምሬ ምንይችል ጎንበስ ብለው «አያ ሰውአገኝ፣ ተቀመጡ እኮ» አሏቸው። አልሰሙም፤ በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር። መምሬ ወደ አቶ አዘዘ አዩ፤ አቶ አዘዘ ወደ ጓዳው አዩ፤ ዶሮው እዚያ ነበር። መሪው ሽማግሌ ከተቀመጠ ጉዳዩ አልቋል ማለት ነውና አቶ አዘዘም ተቀመጡ። መምሬም ጊዜ ሳያጠፉ ተከተሉ። አቶ ቢያዝን ምን እንደተጠየቁ ሳያውቁ ልጃቸውን የሰጡት እንደዚያ ነው።

«ይኸኛው ይሻላል» አሉ አያ ሰውአገኝ በመጨረሻ። «ሰው እንዲህ ነው የሚለያየው። የኔዋም ልትሞት ስትል በመጨረሻ የነገረችኝ በግ አስገባ ነው። በግ!» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንዲህ አድርጎ መጻፍ እየቻልሽ፣ አንች ልጅ፣ መጀመሪያ ምነው በከበሮ አበላሸሽው?»

ከጥር ጀምሮ መለያየቱን የወደደ አንባቢ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እስከዳር ስለ ምክራቸው አመሰገነች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጣን ነው። የእሷና የጌትነት ዘር ከዶሮው በፊት ተቆጠረ፤ በአባቷ በኩል ዘጠኝ፣ በእናቷ በኩል አሥር ሞላ፤ መምሬ ምንይችል ሁለት ጊዜ አስደግመው ባረኩ። ቀኑ ለጥር ተቆረጠ። መብራቱ በሰባት ሰዓት ከሩብ ጠፋ፣ ወጡ ግን ደርሶ ነበር። እንቁላሎቹን ማንም አልወቀሰም። አቶ አዘዘ ሲወጡ እስከዳርን በሩ ላይ አቁመው ናይትሮጅን በስንት ዲግሪ እንደሚቀመጥ ነገሯት፤ አያ ሰውአገኝ ደግሞ መጽሐፍሽን ለምትወደው ለሚስጥር ምን ልንገርልሽ ቢሏት «በሰርጌ ጊዜ ድንኳኑን የምታስጥለው እሷ እንደሆነች ንገሩልኝ» አለች። አልገባቸውም፤ እነግራታለሁ አሉ። ጁስ ቤቱ በር ላይ ጌትነት ሦስቱንም እጃቸውን ሲስም ከሩቅ ታየ፤ በአራት ጁስ የከበደ ሰው አሳሳም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እናቷ የተዋሱትን ሳህን ሊመልሱ ጎረቤት ወጡ። እሷና አባቷ ሳሎን ቀሩ። መብራቱ መጥቶ ቴሌቪዥኑ ድምፅ ሳይኖረው ስለ እግር ኳስ ይናገራል። አቶ ቢያዝን ሪሞቱን አነሡ፣ ከሥሩ ክፍል ሁለትን ሳቡ፣ ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። አልከፈቱትም።

«አንብበውት ነበር እንዴ?» አለች።

«ሁለት ጊዜ።»

«ምነው ታዲያ ምንም ሳይሉኝ?»

ከመጡት እንግዶች የተረፈ አንድ ለስላሳ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ክዳኑን አጠበቁት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። ከውጭ የባጃጅ ጡሩንባ ተሰማ፣ አለፈ። እስከዳር መልስ እንደማይኖር እርግጠኛ ሆና ልትነሣ ስትል፣

«ሾፌሩን ምነው ገደልሽው?» አሉ።

የትኛውን ሾፌር ብላ ልትጠይቅ ነበር፤ ተወችው። ምዕራፍ አሥራ አራት። የመስተዋቱን ቤት ዕቃ የሚያመላልስ ጋሽ ማሬ የሚባል ሽማግሌ ሾፌር አለ፤ ከማኪናው ጋር እያወራ የሚነዳ፣ ጠዋት ጎማውን በእግሩ ሳይነካ የማይነሣ። ሊማሊሞን ሲወርድ ፍሬኑ ተበጥሶበት ገደል ይገባል። ምዕራፉ የሚያልቅበት አጥቶ ስለነበር አንድ ሰው መሞት ነበረበት፤ ከዋናዎቹ ደግሞ ማንንም ልትገድል አልፈለገችም። ከአርባ ሦስቱ ፈራሚዎች ስለ ጋሽ ማሬ ያነሣ አንድም ልጅ የለም።

«ሊማሊሞ በፍሬን አይወረድም» አሉ አባቷ። ድምፃቸው እንደ ዜና አንባቢ ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት ወርጄዋለሁ። በማርሽ ነው። በሁለተኛ። ከባድ ጭነት ከሆነ በአንደኛ፤ ጠዋት የጀመርሽው ከቀትር በኋላ ይደርሳል፣ ይድረስ። ፍሬኑ ቢበጠስ እንኳ ማርሹ ይይዘዋል። ያን አገር የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን ቢያነብ ይህ ሰውዬ መንዳት አያውቅም ነው የሚለው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ነድቶ መንዳት ሳያውቅ ሞተ ነው የሚለው።»

«አባባ፣ እርስዎን አይደለም እኮ።»

«እኔ ነኝ ያለ ማን አለ?»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ሰው ጎል አገባና ያለ ድምፅ ሮጠ። እስከዳር የሶፋውን ዳንቴል በጣቷ ታዞር ጀመር። ከሃምሳ ሰባቱ የተሰበረ ልብ አንዱም እንደዚህኛው አልከበዳትም።

«አሁን እኮ ታትሟል» አለች። «ሞቷል። ምን ላድርገው?»

አቶ ቢያዝን መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጡት፤ ገጹን ሳይፈልጉ ነው የከፈቱት፤ ራሱ ነው የተከፈተው።

«አሥራ ሁለት ልጅ ያለ እናት ያለ አባት የሠራሽ ሰው» አሉ፣ «አንድ ሾፌር መሥራት ያቅትሻል?»

ተነሣች፤ ከመኝታ ቤት ደብተርና እስክርቢቶ ይዛ መጥታ ከእግራቸው ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አዲስ ገጽ ገለጠችና «በሁለተኛ ማርሽ ነው ያሉት?» ብላ ጠየቀች።

አባቷ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ አንዱን ብርጭቆ ጠረጉ፣ ሌላውን ጠረጉ።

«መጀመሪያ» አሉ፣ «ስንት ኩንታል እንደጫነ ንገሪኝ።»